ከቄስ ቤት የጅብ ጥላ

የጤና ጣቢያው ድሬሰር የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር፤ እማዋይሽን ያናደዳትም እውነትነቱ ነው። ልጇን አዝላ ከቡሬ ጤና ጣቢያ ስትወጣ ነሐሴ ገና መግባቱ ነበር። ዝናቡ አላባራም፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ አገሩም በሙሉ ፍልሰታን ይዟል። ሰውዬው የእህተ ማርያምን ያበጠ እግር በአውራ ጣቱ ጫን አደረገና ጣቱ ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ሲቀር አሳያት። «ይኼ ውፍረት እንዳይመስልሽ፣ እቴ። ልጅቷ እህል ትበላለች እንጂ ገላ የሚሠራ ነገር አትበላም። ወተት ወይ እንቁላል ወይ ሥጋ ያስፈልጋታል። ያ ካልተገኘ እኔ መርፌ ብወጋትም ልፋቱ መና ነው» አላት።

መናገርማ ቀላል ነው። ላሚቱ ከነጠፈች ወራት አልፏል። ዶሮዎቹን ፈንግል ፈጅቷቸዋል። ሥጋ የሚባለውን ነገር ከፋሲካ ወዲህ ቤቷ አላየውም። እህተ ማርያም ደግሞ እናቷ ኋላ የጨነገፈውን ስላረገዘች ከጡት ከወረደች ጀምሮ እንጀራ በሽሮ፣ ሽሮውም ከጠፋ እንጀራ በበርበሬ ስትበላ ከርማለች። ያ ጥቁር ፀጉሯ እንደ በቆሎ ፀጉር ቀላ፣ ፊቷ ተነፋ፣ ሳቋ ጠፋ። ሦስት ዓመት የሞላት ልጅ ከተቀመጠችበት አትነሳም ነበር። እናትየዋ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህች ልጅ እንድትተርፍላት። ከእሷ በፊት የወለደችውን ቀብራለች፤ ሌላ የምትቀብርበት አንጀት አልነበራትም።

ባሏ ቄስ ወልደ ዮሐንስ ይባላሉ። ይህ የሆነው በንጉሡ ዘመን የተነሳው የእርሻ ግብር ግርግር ጎጃምን ሳያውከው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ነውና ካህን በአገሩ ገና ተፈርቶና ተከብሮ የሚኖርበት ጊዜ ነበር። እሳቸውም ድምፃቸው ያማረ፣ ጥምጥማቸው ላይ ጉድፍ የማይታገሡ ሰው ናቸው። የድሬሰሩን ቃል ስትነግራቸው ጸሎታቸውን አቋርጠው አዳመጧት።

«ሕፃን ጾም አይገደድም። ሕጉ ግልጽ ነው» አሉ።

«እንግዲያው ከአበልጄ ዘንድ ሄጄ ጥቂት ወተት ልለምንላት?»

አበልጇ ካሰች ናት፤ እህተ ማርያምን ክርስትና ያነሳች፣ ከወንዙ ማዶ የምትኖር፣ ባሏ ተስፋውም የሚታለቡ ላሞች ያሉት ደኅና ገበሬ ነው። ቄሱ የዳዊታቸውን ማኅደር ይነካኩ ጀመር።

«በፍልሰታ ከቄስ ቤት ወተት ሲገባ ያየ ሰው ለሕፃኗ ነው ብሎ የሚያልፍ ይመስልሻል?» አሉ በመጨረሻ። «የኔን ጾም የሚጠብቀው እግዜር ብቻ አይደለም፣ እማዋይሽ። አገር ይጠብቀዋል። ከነገ ጀምሮ ጸበል አስጠምቃታለሁ፤ እመቤታችን አትጨክንብንም።»

ክፉ ሰው አልነበሩም። ልጃቸውን ይወዳሉ፣ ስትቃትት ከእናትየዋ ቀድመው ይነሳሉ። ነገር ግን ሲኦልን ሳይፈራ የጎረቤትን ዓይን የሚፈራ ሰው አለ፤ እሳቸው ከዚያ ወገን ነበሩ። እማዋይሽ ልጅቱን አንስታ ታቀፈቻት። ለባል፣ ያውም ለካህን፣ ምን መልስ ይሰጣል?

በማግሥቱ ቄሱ ልጅቱን አስጠምቀው መለሱና ቤተ ክርስቲያን ገቡ። በፍልሰታ ካህን ወደ ቤቱ የሚመለሰው ቅዳሴ ወጥቶ ቀኑ ሲያዘቀዝቅ ነው። እማዋይሽ ልጇን አዝላ፣ ቅርጫት ይዛ፣ እንጨት ለቀማ የምትሄድ መስላ ከግጦሹ ባሻገር ወዳሉት ኩይሳዎች ወረደች። ነጎድጓድ ሲያጓራ አድሯል፤ ነጎድጓድ ባደረ ማግሥት ምስጥ ከካበው አፈር ሥር ምን እንደሚበቅል ታውቃለች።

እዚህ ላይ የእማዋይሽን ገመና መግለጥ ግድ ነው። የተወለደችው በቲሊሊ በኩል፣ የአገው ምድር በሚጀምርበት፣ ከአንዲት ምስኪን መበለት ነው። የልጅነቷ ነሐሴና መስከረም ያለፈው እንጉዳይ በመልቀም ነበር። እናቷ «የድሃ ሥጋ» ትለው ነበር፤ ከኩይሳ ያልበቀለውን፣ እንጨት ላይና እበት ላይ የወጣውን እንዳትነካ በኩርኩም ጭምር አስተምራታለች። በባሏ አገር ግን የሚበላውም የሚገድለውም ስሙ አንድ ነው፤ የጅብ ጥላ። ከረኀብ ዘመን በቀር የሚነካው የለም፤ በረኀብ ዘመን የበላም በላሁ አይልም። «እንትና እኮ የጅብ ጥላ የተበላበት ቤት ልጅ ነው» ከተባለ ለጋብቻ እንኳ ይታሰብበታል። እማዋይሽ ለቄሱ ስትዳር እናቷ ጆሮዋ ሥር ጠጋ ብላ የመከረቻት ምክር ቢኖር ይህን እንዳታወራ ነው። ይኸው አፏን ይዛ ኖራለች።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል። እሷም ኀፍረቷን ወደ ጎን ትታ ኩይሳው ሥር ተንበረከከች። ነጫጭ፣ ሥጋቸው ወፍራም፣ እግራቸው ወደ አፈሩ ጠልቆ የሚገባ እንጉዳዮች ፈልተው ጠበቋት። ቤቷ ገብታ፣ በሯን ዘግታ፣ አጥባና ተልትላ በሽንኩርትና በኑግ ዘይት ጠበሰቻቸው። ሽታው ቤቱን ሲሞላው ደነገጠች፤ ሥጋ እንጂ ሌላ አይመስልም፣ ያውም በጾም። እህተ ማርያም ግን፣ ያች ስንት ቀን ሙሉ ጉርሻ በእጇ ስትገፋ የነበረች ልጅ፣ አፏን ከፈተች። አንዱን ዋጠችና ሌላ ጠየቀች። እማዋይሽ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ደስታ እንዲህ እንደሚያደክም አታውቅም ነበር።

ቄሱ አመሻሽ ላይ ገብተው ጫማቸውን ሲያወልቁ አፍንጫቸውን ሸብሸብ አደረጉ።

«ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ሽሮው አሮብኝ ነው» አለች እማዋይሽ፣ ጀርባዋን ሰጥታ።

ቄሱ ሌላ ነገር አልጠየቁም። እራታቸውን ባርከው በሉ፣ ልጅቱን ግንባሯን ሳሙና ተኙ።

ከዚያ በኋላ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ሥራዋ ይኸው ሆነ። ፍልሰታ ተፈትቶም ልጅቷ በዚሁ ስትበረታ ስላየች ወተት አልለመነችም። ትኩሱን የቻለችውን ያህል ታበላታለች፤ የተረፈውን ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ ላይ በሰፌድ አስጥታ፣ ሲደርቅ ወቅጣ በቅል ታስቀምጠዋለች። ዱቄቱን ከባቄላ ሽሮ ጋር ስትደባልቀው መልኩም አይለይ። ጾም ሻርኩ አላለችም፤ ወተት አይደለ፣ ሥጋ አይደለ፣ ከመሬት የበቀለ ነገር ነው። በዚያ በኩል ሕሊናዋ ንጹሕ ነበር። የምትፈራው የሰውን ከንፈር ነው። ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ናቸው የሚባለው በዚህ በዚህ እውነት ሳይሆን አይቀርም።

እንቁጣጣሽ አልፎ መስቀል ሲደርስ የእህተ ማርያም እብጠት ሟሸሸ። መጀመሪያ እግሯ መንምኖ ቀጠነ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ሥጋ እያበጀ ሄደ። ተነስታ የጎረቤት ዶሮ ማባረር ጀመረች፤ ሳቋም ተመለሰ። በበዓለ ማርያም ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ወልደ ዮሐንስ ልጃቸውን አቅፈው ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሙ።

«እዩልኝ» አሉ፣ ያ የሚያምረው ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ። «ሐኪም ቤት ወተት ካላገኘች፣ እንቁላል ካላገኘች ትሞታለች ብሎን ነበር። በፍልሰታ ከቤቴ አንዲት ጠብታ ወተት አልገባችም። ጾማችንን ጾምን፣ ጸበል አስጠመቅናት፤ ይኸው እመቤታችን ማረችልኝ።»

ሴቱ እልል አለ። የቄሱ እንባ የእውነት ነበር። እማዋይሽም ከሴቶቹ መካከል ሆና አለቀሰች። ጸበሉ አልረዳትም ለማለት አልደፈረችም፤ እግዜር በጸበልም በኩይሳም ይሠራል ብላ አሰበች። ክፋቱ የጸበሉን የሚመሰክር ካህን ተገኝቶ የኩይሳውን የሚመሰክር መጥፋቱ ነው። ካሰች በዚያ ቀን ከፊት ቆመው እልል ካሉት አንዷ ነበረች።

ጥቅምት ሲገባ የካሰችን ታናሽ ልጅ እንዳለውን ኩፍኝ ያዘው። ኩፍኙ ሲለቀው ተቅማጥ ተከተለው፣ ተቅማጡ ሲከርም እግሩ ማበጥ ጀመረ። ተስፋው ቤት ወተት ይታለባል፤ ቢሆንም ቅቤ እየሆነ ቡሬ ገበያ ይወርዳል፣ ለልጆቹ የሚደርሳቸው አሬራው ነው። ካሰች አሁን አሬራውንም ከለከለችው። ወቅቱ የጽጌ ጾም ነበር፣ ያውም የፈቃድ ጾም፣ አዋቂው እንኳ የማይገደድበት። እሷ ግን ስለ ልጇ ተሳለችበት። የቄሱን ቃል እንደ ወንጌል ይዛዋለች፤ ወተት ሳይነካ፣ በጸበል ብቻ።

እማዋይሽ ይህን እንደ ሰማች ቅሉን በጉያዋ ሸጉጣ ወንዙን ተሻገረች። ካሰች ልጇን ታቅፋ ደጃፏ ላይ ፀሐይ ታሞቀዋለች። ልጁ የነሐሴዋን እህተ ማርያምን ሆኗል፤ ያው የተነፋ ፊት፣ ያው ዝምታ።

«አበልጄ፣ ወተት ስጪው» አለቻት፣ ሰላምታውን በቅጡ ሳትጨርስ።

«ምነው፣ ያንቺዋ ሳትቀምስ ድናልሽ የለ?»

እማዋይሽ ቅሉን አወጣች። ከየት እንደ ለቀመችው፣ እንዴት እንዳደረቀችው፣ እንዴት እያደባለቀች እንዳበላቻት አንድም ሳትደብቅ ነገረቻት። «ወተቱ ለስለትሽ ከከበደሽ ይኼን በሽሮ አርገሽ ስጪው። የጾም ነው። ገላ ሲሠራ ግን እንደ ሥጋ ነው፤ በልጄ አይቸዋለሁ» አለቻት።

ካሰች ከፍታ አሸተተችና ክዳኑን መለሰች። ፊቷ ተለዋወጠ። «የጅብ ጥላ ነው የምትይኝ? ላንቺ ልጅ ጸበል፣ ለኔ ልጅ የጅብ ጥላ?»

«ለኔም ልጅ ይኸው ነው እኮ።»

«ቄሱ እንዲያ አላሉም።» ካሰች ይህን ያለችው ተቆጥታ አልነበረም፤ ግራ ገብቷት ነው። ቅሉን እንደ መቀበልም እንደ መግፋትም አድርጋ በእጇ ያዘችው፣ መልሳም ሰጠቻት። «ቆይ እስቲ፣ ተስፋውን ልጠይቀው» አለች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴው ማኅበርተኛ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተሰብስቦ፣ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲቀዳ፣ ተስፋው ብድግ አለ። ነገር ፈላጊ ሰው አልነበረም፤ የጨነቀው አባት ነበር። ጋቢውን አጣፍቶ እጅ ነሳ።

«አባ፣ ይፍቱኝ። ልጄ ታሞብኝ ነው እንጂ ባንቱ ፊት እንዲህ ያለ ነገር አላነሳም ነበር። እህተ ማርያም የዳነችው በጸበሉ ብቻ ነው ወይስ ሌላም የቀመሰችው ነገር አለ? የጅብ ጥላ በልታለች ሲባል ሰምቸ ነው።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሌላው ዳቦውን በእጁ እንደ ያዘ ቀረ። ቄስ ወልደ ዮሐንስም ፈገግ ብለው ጢማቸውን ዳሰሱ።

«ከቄስ ቤት የጅብ ጥላ?» አሉ። «ምነው፣ ባገሩ ረኀብ ገባ እንዴ? እኔ ጓዳ ገብቸ አላውቅ፤ ወጥ የምትሠራው እሷ ናት። እሷኑ ጠይቃት።»

እማዋይሽ የጠላ ገንቦ ይዛ ቆማ ነበር። ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ወደቀ። ካሰች ልጇን አዝላ ከሴቶቹ ዳር ሆና ታያታለች፤ ያየቻት በጥርጣሬ ሳይሆን በተስፋ ነው፣ የምትለውን ልትፈጽም ተዘጋጅታ። የሚበቃው አንድ ቃል ነበር፤ አዎ ማለት። ነገር ግን አዎ ካለች ባሏ ዐውደ ምሕረት ላይ የቀጠፈ ካህን ሊሆን ነው። እሷ የጅብ ጥላ በላተኛ ልጅ ልትሆን ነው። የዳነችውም ልጅ ነገ ከነገ ወዲያ ፈላጊ የምታጣ ልጅ ልትሆን ነው። ይህን ሁሉ አሰበችና የሚያድናትን መረጠች፤ የሚያድናትን እንጂ እንዳለውን የሚያድነውን አልመረጠችም።

«አላበላኋትም» አለች፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ። «አበልጄን ስለቱ ሲከብዳት አይቸ፣ አዝኘላት፣ ልጁ አንድ ነገር ይቅመስ ብዬ ያልኳት ነው። የኔ ልጅ መድኃኒቷ ጸበሉ ነው።»

ተስፋው «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ተቀመጠ። ጨዋታው ተመለሰ፣ ዋንጫው ዞረ። ካሰች እፎይ ስትል እማዋይሽ አየቻት፤ ያች ሴት ከልቧ ነው ደስ ያላት። ያን ፊት ካየች በኋላ እማዋይሽ ገንቦውን ለሌላ ሰው ሰጥታ ከቅጥሩ ወጣች።

ቤት ሲገቡ ቄሱ ጥምጥማቸውን ፈትተው በጥንቃቄ አጣጠፉት።

«ደግ አደረግሽ» አሉ። ጥምጥሙን አኑረው ደግሞ፣ «ያን ቅል ግን ከቆጡ ላይ አንሽው። ሰው ያየዋል» አሉ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ? ከመጀመሪያው ያውቁ ኖሯል። ሽታውን ለይተውት፣ ሰፌዱን አይተውት፣ ልጃቸው በምን እንዳገገመች እያወቁ ነው ዐውደ ምሕረት ላይ ቆመው ያነቡት። እማዋይሽ ወደ እሳቸው ዞረች።

«ካወቁ፣ ለተስፋው ለምን አይነግሩትም? ለብቻው ጠርተው እንኳ?»

«ካሰች ከኛ የበለጠ እምነት አላት» አሉ ቄሱ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። «ጸበሉ ያድነዋል።»

እማዋይሽ በዚያ ቀን ባሏን ጠላች። ከእሳቸው ይልቅ ግን ራሷን ጠላች፤ እሳቸው ነገሩን ወደ እሷ ገፉት፣ በአፏ የካደችው እሷ ናት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆኖባት፣ ያንን ቃል መልሳ የምትይዝበት መንገድ ስታወጣና ስታወርድ ሰነበተች።

አንድ ቀን ዱቄቱን ከሽሮ ጋር አዋሕዳ፣ ቃል ሳትተነፍስ በሳህን ይዛላት ሄደች። ካሰች ተነስታ በአክብሮት ተቀበለቻት። «ክፉ አስቤብሽ ነበርና ማሪኝ» አለቻት። ሽሮውን ግን ለትልልቆቹ ልጆች አቀረበችው። እንዳለው እስከ ቁስቋም በዓል ድረስ ከጸበልና ከደረቅ ቂጣ በቀር ምንም እንዳይቀምስ ተስላለች። እማዋይሽ ትልልቆቹ ሳህኑን ጠርገው ሲልሱት እያየች ተቀመጠች። በግራዋ በኩል ጓዳ ውስጥ ካሰች ያለበችው ወተት በእንስራ ሞልቶ ለመናጥ ይጠብቃል። ስጪው ብላ ለመናገር አፏን ከፈተች፤ ካሰች ቀድማ፣ «እንደ ቄሱ ቤት ይሁንልኝ በይኝ፣ አበልጄ» አለቻት። እማዋይሽም «ይሁንልሽ» አለች።

ሕፃኑ እንዳለው የቁስቋም ዋዜማ ሞተ። ፍትሐቱን ያደረሱት ቄስ ወልደ ዮሐንስ ናቸው፤ ድምፃቸው እንደ ወትሮው ያማረ ነበር። ተስፋው ትንሿን ሬሳ ራሱ ተሸክሞ ወረደ። አገሩ እግዜር የሰጠውን እግዜር ወሰደ ብሎ ተመለሰ።

በሠልስቱ ለቀስተኛው ሲበታተን እማዋይሽ ብቻዋን ቀረች። ካሰች ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ማልቀሱን ጨርሳለች፤ አሁን የምታስብ ነው የምትመስለው።

«አንቺን ልጠይቅሽ» አለች። «ያንቺን ልጅ ያዳነ ጸበል የኔን ምነው ተወው? ከምን አጎደልኩ? ሳስበው፣ ሳስበው፣ ያን ቅል ያሸተትኩ ቀን ነው። ልቤ ወላውሎ ነበር። ልቀበልሽ ምንም አልቀረኝ። እመቤታችን በዚያ ተቀይማኝ ነው። ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

እማዋይሽ ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለችም። ከመደቡ ወርዳ እግሯ ሥር ወደቀች።

«አንቺ ምንም አላጎደልሽም። ልጅሽ ያጣው ወተት ነው። እህተ ማርያምን እንጉዳይ አብልቻታለሁ፣ በዚያ ነው የዳነችው፣ ባሌም ያውቃል። በሰንበቴው ፊት የካድኩት ፈርቸ ነው። ለተስፋው ንገሪው፣ ላገሩ ንገሪ፣ የፈለግሽውን አድርጊኝ» አለቻት፣ እየተንሰቀሰቀች።

ዱላ ጠበቀች፣ እርግማን ጠበቀች፤ ቢመጣም በደስታ ትቀበለው ነበር። ካሰች ግን ጎንበስ ብላ አነሳቻት። በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ጠረገችላት።

«ተይ፣ አበልጄ» አለቻት ቀስ ብላ። «ያን ጊዜም አዝነሽልኝ እንዲሁ ብለሽኝ ነበር፤ ኋላ ባገሩ ፊት እውነቱን ተናገርሽ፤ ሁላችንም ሰምተናል። ደግ ሰው ነሽ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን እኔን ለማጽናናት ብለሽ ነፍስሽን በውሸት አታስይዢ።»